ሚስክን መሠረት ያደረገ ሽቶ በቤት ውስጥ የመቀመም መመሪያ

ሽቶ መቀመም የሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን የሚስክ ብልቃጥ ከፍቶ ሲያሸት ብዙውን ጊዜ ቅር ይለዋል። የጽጌረዳ ዘይት ክዳኑ ገና ሳይነሣ ራሱን ያሳውቃል፣ ሎሚም እንዲሁ ነው፤ ሚስክ ግን ታጥቦ ፀሐይ ላይ የዋለ ነጠላን ወይም ከእንቅልፉ የተነሣ ሕፃን አንገትን የመሰለ ለስላሳ ሽታ ሰጥቶ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ምንም አይሸተውም። ይህ ቅመም ሽቶ ቀማሚዎችን ለብዙ መቶ ዓመታት የማረከው በራሱ ሽታ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ሽታዎች ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። ቶሎ የሚበንኑትን ያዘገያል፣ የሚቆረቁሩትን ያለዝባል፣ ሽቶውም በቆዳ ላይ እንደ ተቀባ ነገር ሳይሆን ከቆዳው እንደ ወጣ ሆኖ እንዲሸት ያደርጋል። ይህ መመሪያ ያንን ሥራ በራስ እጅ ሠርቶ ለማየት የሚያስችል ሲሆን፣ በመጨረሻው 50 ግራም ያህል የሚቀባ ሽቶ ያስገኛል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የትኛው ሚስክ?

በዓረብኛው ሚስክ፣ በፈረንጆቹ ዘንድ ሙስክ የሚባለው ነገር መነሻው አንድ እንስሳ ነው። በሂማላያ፣ በቲቤትና በሳይቤሪያ ተራሮች የሚኖር፣ ቀንድ የሌለው ትንሽ አጋዘን መሰል እንስሳ አለ፤ በወንዱ እምብርት አጠገብ በምትገኝ ከረጢት ውስጥ የሚጠራቀመው ጥቁር ቡናማ ቅንጣት ነው በፋርስ፣ በሕንድና በዓረብ ነጋዴዎች እጅ ከወርቅ በላይ ሲሸጥ የኖረው። አንድ ከረጢት ከ25 ግራም ብዙም ስለማይዝ፣ 1 ኪሎ ለማግኘት 40 ያህል ወንዶች ይገደሉ ነበር፤ ወጥመድ ግን ወንዱን ከሴቷ ስለማይለይ በከንቱ የሚያልቀው ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር። ዛሬ የእንስሳው ዓለም አቀፍ ንግድ በስምምነት የተከለከለ ወይም በጥብቅ የተገደበ ነው። ስለዚህ «እውነተኛ የአጋዘን ሚስክ» ተብሎ በርካሽ የሚቀርብልዎት ዘይት፣ ሻጩ በቅንነት ቢያምንበት እንኳ፣ በፋብሪካ የተሠራ ነው ብለው ይያዙት።

የእኛው አገር ዝባድም ከዚሁ ወገን ነው። ኢትዮጵያ ለዘመናት ለዓለም ሽቶ ቀማሚዎች ዋና የዝባድ ምንጭ ሆና ኖራለች፤ በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ገበሬዎች ጥርኝን በጎጆ እያኖሩ ከመራቢያ አካሉ አጠገብ ካለው ከረጢት በየ10 ቀኑ ገደማ እየፈቀፈቁ በከብት ቀንድ ውስጥ ሞልተው ይሸጡታል። ዝባድ ባልተበረዘበት ጊዜ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ሽታውም የበረት ነው፤ ወደ 1 በመቶና ከዚያ በታች ሲበረዝ ግን ሞቅ ያለ፣ አበባ አበባ የሚል ነገር ይሆናል። ይህን ያነሣሁት ዝባድ እንዲገዙ አይደለም። ጥርኙ መዞሪያ በሌለው ጠባብ ጎጆ ዕድሜውን መጨረሱ ብዙ ወቀሳ ያስከተለ ጉዳይ ነው፤ ሸቀጡም ቢሆን በቅቤና በሌላ ቅባት የሚቀየጥበት ጊዜ ስላለ ለጀማሪ አይመችም። ነገር ግን የዚህ ወገን ቅመሞች ሁሉ የሚያምሩት ሲያንሱ መሆኑን ከዝባድ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

በዚህ መመሪያ የምንጠቀመው በፋብሪካ የሚሠራውን ሚስክ ነው። መጀመሪያ የተገኘው በአጋጣሚ ነበር፤ አልበርት ባወር የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1888 ፈንጂ ሲያጠና ከአንዱ ውሕድ የሚስክ ሽታ አገኘ። የተፈጥሮው ሚስክ ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሙስኮን ግን በ1906 ተነጥሎ ቢወጣም፣ 15 የካርቦን አቶሞች እንደ ቀለበት የተያያዙበት መሆኑን ሊዮፖልድ ሩዚችካ እስኪያስረዳ ድረስ 20 ዓመት ፈጅቷል። የዘመኑ ኬሚስቶች እንዲህ ያለ ትልቅ ቀለበት ጸንቶ አይቆምም ብለው ያምኑ ስለነበር ግኝቱ ትልቅ ነገር ሆኖ ተቆጠረ፤ ሩዚችካም በ1939 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ይህ ሥራው አንዱ ምክንያት ነበር።

ለገዢ የሚጠቅመው ልዩነት የሚከተለው ነው። ናይትሮ ሚስክ የሚባሉት የባወር ዝርያዎች ከጤናና ከአካባቢ ጋር በተያያዘ ምክንያት አብዛኞቹ ተከልክለዋል ወይም ተገድበዋል፤ አይግዟቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ የመጡት እነ ጋላክሶላይድ ርካሽና ንጹሕ ሽታ ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን በተፈጥሮ ውስጥ ቶሎ ስለማይፈርሱ በወንዞችና በእናት ጡት ወተት ሳይቀር ተገኝተዋል። የሙስኮንን ቀለበት የሚመስሉት እነ ኤቲሊን ብራሲሌትና አምብሬቶላይድ የተሻለ ይፈርሳሉ፣ ሽታቸውም ይበልጥ የቆዳ ነው። አምብሬቶላይድ በባሚያ ዘመድ ፍሬ ውስጥም በተፈጥሮ ይገኛል። እኔ ሁለቱን ወገኖች ቀላቅዬ የምጠቀምበት ምክንያት ከታች ይመጣል፤ ጋላክሶላይድን ሙሉ በሙሉ መተው የሚፈልግ ሰው ግን በምትኩ ተመሳሳይ ክብደት ኤቲሊን ብራሲሌት ቢያደርግ ሽቶው አይበላሽበትም።

ደረጃ 1፦ መሣሪያና ጥሬ ዕቃ

እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን የግድ ያስፈልጋል፤ ወርቅ ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሹ ይበቃል። ጠብታ መቁጠር አያዋጣም፤ እንደ ማር የወፈረው የጋላክሶላይድ ጠብታና ቀጭኑ የአልኮል ጠብታ ክብደታቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ከዚህ ሌላ ክዳናቸው የሚገጥም ቡናማ ብልቃጦች፣ የፕላስቲክ ማንጠባጠቢያዎች፣ ሽታ የሌለው ወፍራም ነጭ ወረቀት በጠባቡ ተቆራርጦ፣ የቡና ማጣሪያ ወረቀትና አንድ ደብተር ያዘጋጁ።

አልኮሉ ከ95 በመቶ ያላነሰ ንጹሕ ኤታኖል መሆን አለበት። አረቄ አይሆንም፤ ጠንካራው ዳግም እንኳ ብዙ ውኃ ስላለበት ዘይቶቹን ያደፈርሳቸዋል፣ የጌሾውም ሽታ አይለቅም። ምንነቱ በውል ያልተጻፈበትን የኢንዱስትሪ አልኮልም አይንኩ፤ ሜታኖል ከሆነ በቆዳም በትንፋሽም የሚገባ መርዝ ነው። የሚሠሩበት ክፍል ከከሰል ምድጃ፣ ከሻማና ከዕጣን ማጨሻ የራቀ፣ መስኮቱም የተከፈተ ይሁን።

ደረጃ 2፦ አፍንጫዎን ይፈትኑ

ይህን ደረጃ መዝለል የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ነው፤ የእኔም ነበር። ጋላክሶላይድን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር ምንም ስላልሸተተኝ ደካማ ነው ብዬ መጠኑን ሦስት እጥፍ አደረግሁት፤ ታናሽ እህቴ ገና ከበር ስትገባ «ዛሬ ደግሞ ቤቱን በሙሉ በሳሙና ዱቄት ነው እንዴ ያጠባችሁት?» አለች። በአንድ በኩል እውነቷን ነበር፤ እነዚህ ሚስኮች በውኃ ስለማይሟሙና ጨርቅ ላይ ስለሚጣበቁ ለአሥርተ ዓመታት በልብስ ሳሙና ውስጥ ሲጨመሩ ስለኖሩ፣ ዛሬ «የንጽሕና ሽታ» የምንለው አብዛኛው የእነርሱ ሽታ ነው።

እኔ ያልሸተተኝ ነገር እርሷን ያጥለቀለቃት አፍንጫችን ስለሚለያይ ነው። ሰው ሊያሸት የሚችለው ሞለኪውል በክብደት ወሰን አለው፤ የሃይድሮጂን አቶም ክብደት 1 ቢባል፣ ከ300 ገደማ በላይ ሲሆን እየበነነ አፍንጫ አይደርስም። የሎሚ ልጣጭ ሽታ የሚሰጠው ሊሞኒን 136 ሲሆን፣ ሙስኮን 238፣ ጋላክሶላይድ 258፣ ኤቲሊን ብራሲሌት 270 ናቸው፤ ሦስቱም ሚስኮች ከወሰኑ አጠገብ ይገኛሉ። ሚስክ ለሰዓታት፣ በጨርቅ ላይ ደግሞ ለቀናት የሚቆየውም በዚሁ ክብደቱ ነው። እያንዳንዱን ሚስክ የሚቀበለው የአፍንጫ ተቀባይ ደግሞ ጥቂት በመሆኑ፣ አንዱ ተቀባይ በትውልድ የደከመበት ሰው ያንን አንድ ሚስክ ብቻ ሳይሸተው ሌሎቹን ሁሉ እንደማንም ሊያሸት ይችላል። አንዱ የጎደለበት ሰው ሌላውን እንዲያገኝ ቀማሚዎች ሁለትና ሦስት ዓይነት ሚስክ የሚቀላቅሉት፣ እኔም ከላይ ሁለቱን ወገኖች ያጣመርሁት ስለዚህ ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ሚስክ 1 ግራም ወስደው በ9 ግራም አልኮል ይበርዙ፤ እነዚህን ብልቃጦች «10 በመቶ» ብለው ይጻፉባቸው፤ የአምብሬቶላይዱ በኋላም ያስፈልጋል። ሦስት ወረቀቶች ወስደው አንዱን በሚስኩ፣ ሁለቱን በአልኮል ብቻ ይንከሩና አልኮሉ ፈጽሞ እስኪደርቅ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያም ሌላ ሰው አደባልቆ ያቅርብልዎትና የተለየውን ወረቀት ዓይንዎን ጨፍነው ይምረጡ። ይህን በየመሐሉ እረፍት እየወሰዱ ስድስት ጊዜ ይድገሙ። ከስድስቱ ቢያንስ አምስቱን ካገኙ ያንን ሚስክ በእርግጥ ያሸታሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ በግምት እየመረጡ ስለሆነ፣ የዚያን ሚስክ መጠን በራስዎ አፍንጫ ፈርደው አይጨምሩ። ቤተሰብዎንም ይፈትኑ፤ ከሁሉ የተሻለው አፍንጫ የማን እንደሆነ ማወቅ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ ሚስክ የሌለበትን ክፍል ይቀምሙ

አንድ ንጹሕ ብልቃጥ ሚዛኑ ላይ አድርገው ወደ ዜሮ ይመልሱትና የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይመዝኑበት፦

ሄዲዮን 2.75 ግራም
አይሶ ኢ ሱፐር 1.32 ግራም
የቤርጋሞት ዘይት 0.66 ግራም
የዕጣን ዘይት 0.44 ግራም
የጄራኒየም ዘይት 0.22 ግራም

ሄዲዮን የጃስሚን አበባን ከሩቅ የሚያስታውስ፣ ለሌሎቹ አየር የሚሰጥ ነው፤ አይሶ ኢ ሱፐር ደግሞ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ወይም የጥድ እንጨት ይመስላል። ጄራኒየም ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚል ተክል ነው። ከብርቱካን ወገን ከሆነ ፍሬ ልጣጭ የሚገኘው ቤርጋሞት በፀሐይ ቆዳ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር የወጣለት መሆኑን ከሻጩ ያረጋግጡ፤ ያልወጣለት ከሆነ በእኛ አገር ፀሐይ አንገት ላይ ጠባሳ መሰል ጥቁረት ሊተው ይችላል። ዕጣኑን የመረጥሁት አለምክንያት አይደለም፤ በመተማና በትግራይ የሚለቀመው ነጭ ዕጣን ዘይቱ በአብዛኛው ኦክቲል አሲቴት ስለሆነ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ፍራፍሬያማ ጎን አለው፤ ይህ ጎኑ ቶሎ ስለሚጠፋ ሚስኩ ምን ያህል እንደሚያዘገየው በቀላሉ ይታያል።

በደንብ ካናወጡ በኋላ ከዚህ ድብልቅ 0.49 ግራም ወደ ሌላ ትንሽ ብልቃጥ ይውሰዱ፣ 4.5 ግራም አልኮል ይጨምሩበት፣ «ሚስክ የሌለው» ብለው ጽፈው ያስቀምጡ። በዋናው ብልቃጥ የሚቀረው 4.9 ግራም ነው። ይህች ትንሽ ብልቃጥ የማትረባ ትመስላለች፤ ከጠቅላላው ሥራ የምታስተምረው ግን እርሷ ናት።

ደረጃ 4፦ ሚስኩን ይጨምሩ

በቀረው 4.9 ግራም ላይ 3 ግራም ኤቲሊን ብራሲሌት፣ 2 ግራም ጋላክሶላይድ እና በደረጃ 2 ካዘጋጁት ባለ 10 በመቶ አምብሬቶላይድ 1 ግራም ይጨምሩ። ጋላክሶላይድ ብቻውን እጅግ ወፍራም ስለሆነ አብዛኛው ሻጭ የሚያቀርበው በሌላ ፈሳሽ እኩል በእኩል ተበርዞ ነው፤ ቁጥሩ የተሰጠው ለዚህ ለተበረዘው ነው። ያልተበረዘ ካገኙ 1 ግራም ብቻ ያድርጉ፤ ጠቅላላው 50 ግራም እንዲሞላም በኋላ አልኮሉን በ1 ግራም ይጨምሩ። አንዳንድ ሚስክ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይረጋል፤ እንዲህ ሲሆን ብልቃጡን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያቁሙት እንጂ እሳት አጠገብ አያድርሱት።

አሁን ያለዎት 10.9 ግራም ሲሆን ከዚህ ውስጥ 0.9 ግራሙ ከአምብሬቶላይዱ ጋር የገባ አልኮል ነው። ክዳኑን ገጥመው ብርሃን በማይገባበት ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ሳምንት ያስቀምጡት።

ደረጃ 5፦ መበረዝና ማሳደር

ከሳምንት በኋላ 39.1 ግራም አልኮል ይጨምሩ፤ ጠቅላላው 50 ግራም፣ የሽታው ክፍል ደግሞ 20 በመቶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልኮሉ ይሰነፍጣል፣ ቤርጋሞቱም ለብቻው ይጮኻል፤ በአራተኛው ሳምንት ክፍሎቹ ይገጣጠማሉ። ጠጅ የጣለ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል። በመጨረሻ አንድ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው ገና ቀዝቃዛ ሳለ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ያጥሉት።

በሃይማኖት ወይም በቆዳ ምክንያት አልኮል የማይጠቀም ሰው፣ ሚስኩን በደረጃ 4 ሳይበርዝ 0.1 ግራም አምብሬቶላይድ ጨምሮ፣ በአልኮሉ ፈንታ 40 ግራም የጆጆባ ዘይት ሊያደርግ ይችላል፤ ሽታው ከቆዳ ብዙም ሳይርቅ ይቆያል፣ ማቀዝቀዝም ማጥለልም አያስፈልገውም።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሽቱ

ሚስክ ምን እንደሚሠራ የሚታየው እዚህ ነው። ሁለት ወረቀቶች ይያዙ፤ አንዱን በዋናው ሽቶ፣ ሌላውን «ሚስክ የሌለው» ባሉት ይንከሩ። በሁለቱም ውስጥ የዕጣኑ፣ የቤርጋሞቱና የጄራኒየሙ መጠን እኩል ነው፤ ልዩነቱ ሚስኩ ብቻ ነው። በ10 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በማግሥቱ ጠዋት እያሸተቱ ያገኙትን በደብተርዎ ይጻፉ።

በ10 ደቂቃው ሚስክ የሌለው ይበልጥ ደማቅ ሊመስልዎት ይችላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ሚስኩ ምን ጠቀመ?» ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ያለ ሚስኩ ወረቀት የተለያዩ ሽታዎች የተቀመጡበት ጠረጴዛ ይመስላል፤ ጄራኒየሙ አንድ ቦታ፣ እንጨቱ ሌላ ቦታ። ሚስክ ባለበት ግን በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሞላል፣ የጄራኒየሙም ስለት ይደነዝዛል። በማግሥቱ አንዱ ወረቀት ደረቅ እንጨት ብቻ ሲቀረው፣ ሌላው ሙቀት ያለውና ሰው ሰው የሚል ነገር ይዞ ያድራል። አምብሬቶላይዱ ከጠቅላላው 0.2 በመቶ ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ ያለ እርሱ አንድ ጊዜ ሠርተው ቢያነጻጽሩ ፍራፍሬያማው ጎኑ የት እንደገባ ይገባዎታል። እያሸተቱ ሲደክሙ የገዛ ልብስዎን ክንድ ያሽቱና ጥቂት ያርፉ፤ አፍንጫ ሚስክን ፈጥኖ ይለምደዋል።

ደረጃ 7፦ ማስተካከል

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ሽቶው እንደ ልብስ ሳሙና ከሆነብዎት ጋላክሶላይዱን በግማሽ ይቀንሱ፤ ዱቄት ዱቄት ካለና ከጣፈጠ ኤቲሊን ብራሲሌቱን ወደ 2 ግራም ያውርዱ። ዑድን የሚወዱ ከዚሁ መዓዛማ እንጨት የሚወጣውን ዘይት 0.1 ግራም መጨመር ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ካለፈ ግን ሚስኩ ይዋጣል። ሻጮች ለእያንዳንዱ ቅመም ኢፍራ የተባለው ዓለም አቀፍ የሽቶ ማኅበር የወሰነውን ከፍተኛ መጠን የያዘ ወረቀት ስለሚሰጡ፣ መጠን ከፍ ሲያደርጉ ከእርሱ ጋር ያስተያዩት።

ደረጃ 8፦ መቀባትና ማስቀመጥ

መጀመሪያ ከክርንዎ በላይ ባለው የክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ አይጠቀሙበት። ሕፃናትን አይቀቡ። ከመታጠብ በኋላ ሽታ የሌለው ቅባት በተቀባ ቆዳ ላይ ሁለት ጊዜ መርጨት ይበቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖሩ ሰዎች የሚያውቁት ልማድ አለ፤ ሙስክ ጣሃራ የሚባለውን ነጭና ወፍራም ሚስክ ቀድሞ በሰውነት ይቀቡታል፣ የዑድ ጭስ ደግሞ በልብስ ላይ ይታጠናል። ይህ አሠራር ለዚህኛውም ሽቶ ይሠራል፤ ሚስኩ ከሥር፣ ጭሱ ከላይ ይሁን። ሐር ወይም ነጭ የአበሻ ቀሚስ ላይ በቀጥታ አይርጩት፤ ዘይቶቹ ቢጫ ነጥብ ይተዋሉ።

ከቤት ከወጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽቶው ጠፋ ብለው እንደገና ለመርጨት ከመቸኮልዎ በፊት አጠገብዎ ያለውን ሰው ይጠይቁ። ብልቃጡን በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ፣ የተሠራበትን ቀንና የደብተሩን ገጽ ቁጥር ይለጥፉበት፤ በቅድሚያ የሚደበዝዘው ቤርጋሞቱ ስለሆነ ከዓመት በኋላ ሽቶው መጀመሪያ ላይ ደነዝ ካለ ሚስኩ ሳይበላሽ 0.1 ግራም አዲስ ቤርጋሞት ጨምረው፣ አናውጠው፣ አንድ ሳምንት አሳድረው መልሰው መጠቀም ይችላሉ።